አሉሚኒየም ብሎን ወይስ የብረት? ሁለቱንም ሞተር ላይ አስሬ ካየሁ በኋላ

ሞተር የሚነካካ ሰው አንድ ቀን ይሄ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። የሞተር ኮፓ (ከስር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ሊቀየር ነው፣ የተፈቱት ብሎኖች ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፣ አንዱን አንስታችሁ መዳፋችሁ ላይ ስታስቀምጡት ክብደት የሚባል ነገር የለውም፣ ማግኔት ስታስጠጉበትም ዝም ይላል። አሉሚኒየም ነው ማለት ነው። አዲስ ልትገዙ ስትሉ ደግሞ ሁለት አይነት ኪት ይቀርብላችኋል፣ አንዱ ልክ እንደወጣው አሉሚኒየም፣ ሌላው ደግሞ "ይሄ ይሻላል፣ አይበጠስም" ተብሎ የሚሸጥ የብረት። እኔ በተለያየ ጊዜ ሁለቱንም ገዝቻለሁ፣ ሁለቱንም አስሬ ሁለቱንም መልሼ ፈትቻለሁ፣ ስለዚ ያየሁትን ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው በአንድ ፍሬ ብሎን ምክንያት ደህና ሞተር ሲያበላሽ ማየት በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ከአሉሚኒየሙ ልጀምር። የገዛሁት ኪት የኮፓና የውሃ ፖምፓ ብሎኖች አንድ ላይ የያዘ ነው። ጫፋቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም አላቸው፣ ይሄ ቀለም ለማሳመር የተቀባ እንዳይመስላችሁ፣ ቢኤምደብሊው ላይ ለምሳሌ ብሎኑ አሉሚኒየም መሆኑ በአይን እንዲለይ ተብሎ የሚደረግ ምልክት ነው። ስራቸው ጥሩ ነው፣ ጥርሱ (የሚዞርበት ጠመዝማዛ መስመር) ጥርት ያለ ነው፣ በጣት ስታስገቡት ሳይንገራገጭ ነው የሚገባው፣ ከራሱ ስር ሰፋ ያለ ከንፈር ስላለው ለብቻው ሮንዴላ (ከራሱ ስር የሚገባ ቀለበት) አይፈልግም። ራሱ በውጪ በኩል ኮከብ ቅርጽ ያለው ነው፣ እሱን የሚፈታው ቁልፍ ከሌላችሁ በሌላ በተጠጋጋ ቁልፍ እሞክራለሁ ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ ለስላሳ ስለሆነ ወዲያው ራሱ ይከበባል ከዛ በኋላ መያዣ ታጣላችሁ። ይሄ የአሉሚኒየሙ የመጀመሪያ ድክመቱ ነው።

ጥንካሬው ላይ ክርክር የለም፣ ብረቱ ይበልጠዋል። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት የብረት ብሎን ሳይበጠስ የሚችለው ጉተታ ወደ 800 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ነው፣ ቋሚ መለጠጥ የሚጀምረው ደግሞ ወደ 640 አካባቢ ነው (8 ማለት 800፣ ነጥብ 8 ማለት የሱ 80 ፐርሰንት፣ ቁጥሩን እንደዚ ነው የምታነቡት)። 10.9 ደግሞ 1000 እና 900 ነው። ለሞተር የሚሰሩት አሉሚኒየም ብሎኖች ብዙዎቹ 400 ሜጋፓስካል አካባቢ ናቸው፣ ማለትም የ8.8 ግማሽ ገደማ። ይሄን ቁጥር ያየ ሰው ወዲያው "በቃ ብረት" ይላል፣ እኔም ብዬ ነበር። ግን ብሎን ብቻውን አይሰራም፣ የሚገባበት አካል አለ፣ እና ጥያቄው መነሳት ያለበት ከብሎኑ ሳይሆን ከሚገባበት ቀዳዳ ነው።

አሉሚኒየም ብሎን ያላቸው ሞተሮች ብዙ ጊዜ ቤታቸው ወይ ክዳናቸው ማግኒዚየም ነው። በጣም የሚታወቀው የቢኤምደብሊው ኤን 52 ነው፣ ከ2004 እስከ 2015 የተመረተው ባለ ስድስት ሲሊንደር። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ሁለት ነገር ነው፣ ውስጡ ሲሊንደሮቹ ያሉበት የአሉሚኒየም አካል ነው፣ ውጪው ደግሞ በላዩ ላይ የፈሰሰ ማግኒዚየም ነው። ውሃው የሚዞረው በአሉሚኒየሙ ውስጥ ነው፣ ማግኒዚየምና የራዲያተር ውሃ ስለማይስማሙ። ለምን እንደዚ ተለፋ ካላችሁ ለክብደት ነው፣ ማግኒዚየም በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 1.74 ግራም ነው፣ አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት ደግሞ 7.85። እና እንደዚ አይነት ሞተር ላይ ነው አሉሚኒየም ብሎን ትርጉም ያለው፣ ለሁለት ምክንያት፣ አንዱ ሙቀት አንዱ መበላላት።

ሙቀቱን በቁጥር ላሳያችሁ ምክንያቱም እኔን ያሳመነኝ ይሄ ሂሳብ ነው። ብሎኑ አጥብቆ የያዘው ክፍል 50 ሚሊሜትር ነው እንበል፣ ሞተሩ ደግሞ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 ዲግሪ ደረሰ። ማግኒዚየሙ በዚ ሙቀት ወደ 0.10 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ አሉሚኒየም ብሎን ወደ 0.09፣ የብረት ብሎን ግን 0.05 እንኳን አይሞላም። አያችሁ? ማግኒዚየሙ መወፈር ይፈልጋል፣ የብረቱ ብሎን ግን አብሮት አይረዝምም፣ ስለዚ ሞተሩ በጋለ ቁጥር ብሎኑ ራሱን በራሱ እያጠበቀ ነው ማለት ነው። ብረት ደግሞ ከአሉሚኒየም ሶስት እጥፍ ግትር ነው፣ ትንሽ ተለጠጥ ሲባል ብዙ ሀይል ነው የሚመልሰው። ያ ሀይል የሚያርፈው ለስላሳው ማግኒዚየም ላይ ነው፣ ከብሎኑ ራስ ስር ያለው ይጨፈለቃል ወይ ውስጥ ያለው ጥርስ ቀስ እያለ ይሳባል፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተጨፈለቀው አይመለስም፣ ብሎኑ ላላ ማለት ነው። ከዛ ዘይት ማልቀስ ይጀምራል፣ ባለቤቱ ጓርኒሲዮኑን ይረግማል።

ይሄ አዲስ ችግርም አደለም። በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው ቮልስዋገን ቢትል ሞተር ቤቱ የማግኒዚየም ቅይጥ ነበር፣ ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን የሚከድነውን አካል) የሚይዙት ረጃጅም ዘንጎች ደግሞ ብረት፣ እና ሞተሩ እየጋለ እየቀዘቀዘ ሲኖር ዘንጎቹ ጥርሱን ከነስጋው ነቅለውት ይወጡ ነበር። መፍትሄው ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት እጅጌ (ውስጡ ጥርስ ያለው ቱቦ) ማስገባት ነበር፣ ኋላ ላይ ፋብሪካው ራሱ እጅጌውን አስገብቶ ማምረት ጀመረ፣ ዘንጉንም ከ10 ሚሊሜትር ወደ 8 አቀጠነው። ማቅጠን ማለት ማዳከም ይመስላል፣ ግን ቀጭን ዘንግ እንደ ሞላ ይለጠጣል፣ ጥርሱን አይነቅልም። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፣ "ወፍራምና ጠንካራ ይሻላል" የሚለውን ሀሳብ ከስሩ ነው የሚያፈርሰው።

ሁለተኛው መበላላቱ ነው። ሁለት የተለያየ ብረታ ብረት ተነካክቶ እርጥበት ካገኘ እንደ ባትሪ ይሰራል፣ ደካማው ይበላል። ማግኒዚየም በዚ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው፣ መነሻ ቮልቱ ከዜሮ በታች 2.37 ነው፣ አሉሚኒየም 1.66፣ ብረት 0.44። በተግባር ቅይጡና የላዩ ሽፋን ቁጥሩን ቢቀያይረውም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ ብረት ከማግኒዚየም ጋር ሲጋጠም ርቀቱ ሰፊ ነው፣ አሉሚኒየም ሲሆን ይጠባል። ጨዋማ ውሃ ከተጨመረበት ደግሞ ይፈጥናል። የአንድ ጓደኛዬን መኪና ኮፓ አብረን ስናወርድ አይቼዋለሁ፣ ከሁለት አመት በፊት የሆነ ጋራዥ አሉሚኒየሞቹን አውጥቶ ተራ የብረት ብሎን አስሮለት ነበር። የብሎኖቹ ራስ ዙሪያ ነጭ ግራጫ ዱቄት ተጋግሯል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ከብሎኖቹ ሁለቱ ሲወጡ የማግኒዚየሙን ጥርስ እንደ ጸጉር ጠቅልለው ይዘውት ነው የወጡት። ብሎኖቹ ራሳቸው ግን ምንም አልሆኑም። አሁንም ድረስ ያ ምስል ከአይኔ አልጠፋም፣ ጓደኛዬ የከፈለው ለተሻለ ብሎን መስሎት ነበር።

በርግጥ ፋብሪካዎችም ማግኒዚየም ላይ ብረት የሚጠቀሙበት ቦታ አለ፣ ግን ሽፋን ያለው ብሎን መርጠው፣ ከራሱ ስር የአሉሚኒየም ሮንዴላ አድርገው፣ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ላይ አስበውበት ነው። ከሳጥን ውስጥ የተገኘውን ብሎን ከማሰር ጋር አንድ አደለም።

አሁን ወደ አሉሚኒየሙ ትልቁ ችግር ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔም በሱ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታሰረው። አንድ ጊዜ! አጠባበቁ በሁለት ደረጃ ነው፣ መጀመሪያ በቶርክ ሬንች (የማዞሪያ ሀይልን፣ ማለትም ቶርክን፣ የሚለካ ቁልፍ) ትንሽ ሀይል ይሰጠዋል፣ ከዛ በዲግሪ ይዞራል፣ ብዙ ጊዜ 90 ዲግሪ። በዚ ዙር ላይ ብሎኑ ሆን ተብሎ እስኪለጠጥ ነው የሚወሰደው፣ የተለጠጠ ነገር ደግሞ ሁለተኛ ሲለጠጥ የሚቀረው አቅም ትንሽ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የውሃ ፖምፓ ስቀይር ብሎኖቹ አዲስ ይመስሉ ነበር፣ ጥርሳቸውም ደህና ነው፣ ቅዳሜ ከሰአት ነው አዲስ ብሎን የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው፣ እና መልሼ አሰርኳቸው። ሁለቱ ደህና ገቡ፣ ሶስተኛው ላይ 60 ዲግሪ አካባቢ ስደርስ እጄ ላይ ያለው ክብደት ድንገት ጠፋ። ድምጽ እንኳን አልነበረውም፣ ዝም ብሎ ለስለስ አለ። ብሎን ሲበጠስ የሚሰማ ስሜት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። ግማሹ ቀዳዳ ውስጥ ቀረ፣ ያ ስራ አንድ ቀን የነበረው አራት ቀን ሆነ።

ስለ ማጥበቅ እያወራን እያለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘይት ወይ ቅባት ጥርሱ ላይ ቀብቶ በተጻፈው ቶርክ ማጥበቁ ነው። ቶርክ ሬንች ስትጎትቱ ከምታወጡት ጉልበት ወደ 90 ፐርሰንቱ የሚያልቀው በመፋተግ ነው፣ ግማሹ ገደማ ከራሱ ስር 40 ፐርሰንት ገደማ ጥርሱ ላይ፣ ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው 10 ፐርሰንት ነው። መፋተጉን በቅባት ከቀነሳችሁት ያ 10 በቀላሉ 15 ይሆናል፣ ማለትም ሬንቹ ያው ቁጥር እያሳየ ብሎኑ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ተጎትቷል። የብረት ብሎን ሊታገሰው ይችል ይሆናል፣ አሉሚኒየም ግን አይታገስም። መመሪያው ቀቡ ካላለ አትቀቡ። ቀዳዳውንም በአየር አጽዱት፣ ታች ድፍን የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ ብሎኑ ሲገባ ዘይቱ መውጫ ያጣና ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የብረቱ ኪት። ይሄኛውን የገዛሁት ለሌላ መኪና ነው፣ ሞኖብሎኩ ሙሉ አሉሚኒየም የሆነ፣ ፋብሪካውም ከመጀመሪያው በብረት ብሎን ያሰረው። 8.8፣ ዚንክ የተቀባ፣ ራሱ ላይ ቁጥሩም የአምራቹ ምልክትም አለበት። እዚ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ሙሉ ነጥብ ነው የምሰጠው። ኤም 8 ብሎን (8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ወደ 25 ኒውተን ሜትር ቶርክ ተሰጥቶት እርግት ብሎ ይቀመጣል፣ የኮፓና የክዳን ብሎኖች በዲግሪ የሚዞሩ እስካልሆኑ ድረስ ጥርሳቸው ደህና ከሆነ ደግሞ መልሶ ማሰር ይቻላል፣ ቁልፍ ቢንሸራተት እንኳን ራሱ ቶሎ አይበላም። ኮፓውን ሁለት ጊዜ አውርጄ ሰቅያለሁ በነዚሁ ብሎኖች፣ ጠብታ የለም።

ብረት በአሉሚኒየም ቤት ውስጥም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሎኑ ስለሚበረታ ጥርሱን የሚያጣው ቤቱ ነው፣ ስለዚ አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ብሎን ጥልቀቱ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ አካባቢ ቢሆን ነው ጥሩው፣ ኤም 8 ከሆነ 16 ሚሊ ገደማ ጥርስ ይያዝ። አጠር ያለ ብሎን "ያው ነው" ብላችሁ ካስገባችሁ ጥርሱ ተላጦ ነው የምታገኙት። ውሃ አጠገብ ያሉት ደግሞ፣ እንደ ተርሞስታት ክዳን ያሉት፣ አመታት ሲቆዩ አሉሚኒየሙ ይበላና ዱቄቱ ያብጣል ብሎኑን ቆልፎ ይይዘዋል። እነሱን ስትፈቱ አትቸኩሉ፣ ትንሽ ወደኋላ ትንሽ ወደፊት እያላችሁ ነው የሚወጡት።

የቴስታታ፣ የኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እና የቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ብሎን ላይ ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። እዛ ብረት ነው፣ ያውም አምራቹ ያዘዘው አይነት። አሉሚኒየም ከ150 ዲግሪ ሲያልፍ እየደከመ ነው የሚሄደው፣ በዛ ላይ ማለቂያ የሌለው ምት ሲበዛበት የሚያርፍበት ወለል የለውም፣ ብረት ከተወሰነ ጭነት በታች ከሆነ ምቱን ለዘላለም ሊችል ይችላል አሉሚኒየም ግን ምቱ ትንሽም ቢሆን ከበዛ አንድ ቀን ይደክመዋል። ኢንተርኔት ላይ ቀይ ሰማያዊ ወርቃማ እየሆኑ የሚሸጡት የአሉሚኒየም ብሎኖች አሉ አይደል፣ እነሱ የፕላስቲክ ሽፋን ይያዙ፣ ከዛ ያለፈ ስራ አትስጧቸው።

"የማይዝግ ስለሆነ" ተብሎ ስቴንለስ የሚያስሩም አሉ። ስቴንለሱ ራሱ አይዝግም እውነት ነው፣ ግን ኤ2-70 የሚባለው የተለመደው 700 ሜጋፓስካል ነው ከ8.8 ያንሳል፣ አጠገቡ ያለውን አሉሚኒየም ወይ ማግኒዚየም ደግሞ እርጥበት ካገኘ ያስበላዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይሄም አይነት ስቴንለስ ማግኔት ብዙም አይስበውም፣ ስለዚ በማግኔት ብቻ አሉሚኒየም ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ በእጃችሁ መዝኑት፣ አሉሚኒየም ከሆነ ሲሶ ነው የሚከብደው።

አንዱ ከተበጠሰባችሁ። የተበጠሰ አሉሚኒየም ብሎን አንድ መልካም ነገር አለው፣ ለስላሳ ነው፣ መሃሉን በፖንሶ (ሹል ምልክት ማድረጊያ ብረት) በትክክል ምልክት አድርጋችሁ ወደግራ በሚቆርጥ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) በዝግታ ስትበሱት ብዙ ጊዜ ራሱ ተሽከርክሮ ይወጣል። የኔ እንደዛ ነው የወጣው፣ ሶስት ቀን ፈርቼው ከቆየሁ በኋላ በሃያ ደቂቃ። የብረት ብሎን ሲበጠስ ግን ፑንታው ከጠንካራው እየሸሸ ወደ ለስላሳው ቤት ነው የሚሄደው፣ እሱ ነው ቀዳዳ የሚያበላሸው። በእሳት አሙቆ መፍታት የሚባለውን ማግኒዚየም ቤት ላይ እንዳትሞክሩት! ማግኒዚየም 650 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ሊቀልጥ ሲል እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቃችሁም፣ ስትበሱ የሚወጣው ፍርፋሪ ደግሞ በእሳት ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም፣ ውሃ ያባብሰዋል። ፍርፋሪውን ወዲያው ወዲያው እየጠረጋችሁ ስሩ፣ ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር። ሲፈታም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ በእጅ ቁልፍ ነው፣ የአየር ሽጉጥ (በአየር ግፊት የሚሰራው መፍቻ) ይቅር።

ስለ ግዢው ደግሞ። የአሉሚኒየሙን ኪት የላከልኝ ሻጭ ስም አልጠራም ግን ብሎኖቹ ሲመጡ አንድ ጎድሎ ነው የመጣው፣ ርዝመታቸውም የተለያየ ሆኖ ሳለ ሁሉንም በአንድ ላስቲክ ደባልቆ ነው የላከው። በካሊፐር አንድ በአንድ ለክቼ ነው የለየሁት፣ ያን ባላደርግ ረጅሙ አጭር ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ታች ነክቶ ይበጠስ ነበር። የብረቱን የሸጠልኝ ግን እያንዳንዱን ርዝመት ለብቻው አሽጎ የሚገባበትን ቦታ ጽፎበት ነው የላከው፣ እንደዚ የሚሰራ ሰው ሲገኝ ደስ ይላል። ራሱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት የብረት ብሎን ከመጣላችሁ መልሱት፣ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። "ለኦሪጅናሉ የተሻሻለ" ተብሎ አሉሚኒየም በነበረበት ቦታ ብረት ከተላከላችሁ ደግሞ ቤቱ ምን እንደሆነ ሳታረጋግጡ ፓኬቱን አትክፈቱት፣ ቶርኩም አንድ አይነት አደለም፣ የአሉሚኒየሙን ቁጥርና ዲግሪ ብረቱ ላይ መጠቀም አይቻልም።

የኔ ማግኒዚየም ሞተር አሁን ላይ ሙሉ በሙሉ በአዲስ አሉሚኒየም ብሎን ነው የታሰረው። ባለፈው ከስር ገብቼ በባትሪ አየሁት፣ የኮፓው ጠርዝ ደረቅ ነው፣ ሰማያዊ ጫፎቹ ከሚታዩባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ዱቄት የለም። ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሙሉ ኪት ገዝቼ በየርዝመቱ ለይቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ቅዳሜ ከሰአት ላይ ብሎን ጠፍቶ አሮጌውን መልሼ እንዳላስር።